እትዬ ዜሮና የማይረጋው ቁጥር

የባለቤቴ ታላቅ እህት ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በየማለዳው በረዶ ስታደቅ ኖራለች። ለመጠጥ አልነበረም። የሆስፒታሉ ምድር ቤት ውስጥ፣ እኔ ከምሠራበት ስፌት ክፍል ቀጥሎ፣ አንድ መስኮት ያላት ጠባብ ክፍል ነበረቻት፤ በሯ ላይ «መለኪያ ክፍል» ተብሎ ተጽፏል። እዚያ የተጣራ ውሃ በትንሽ ማቀዝቀዣ በረዶ ታደርግና፣ እኔ በሰፋሁላት የአቡጀዲ ከረጢት ጨምራ በእንጨት መዶሻ ታደቀዋለች። የደቀቀውን አፉ ሰፊ በሆነ ቴርሞስ ሞልታ ከዚያው ከተጣራው ውሃ ትጨምርበታለች፤ በረዶው እንዲርስ እንጂ እንዲንሳፈፍ አትፈልግም። ይህ ልክ አለው። ልኩንም በጆሮዋ ታውቀዋለች፤ ማንኪያ ስትሰካበት የሚያሰማው ድምፅ እርጥብ አሸዋ የሚረግጥ እግር ድምፅ ከመሰለ «በቃው» ብላ ክዳኑን ትገጥማለች።

«በረዶና ውሃ አብረው ሲቀመጡ ዜሮ ዲግሪ ነው» አለችኝ ስትሠራ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋት ቀን። «ዛሬ ዜሮ ነው፤ የዛሬ ሺህ ዓመትም ዜሮ ነው። ደብዳቤ ጽፎ የሚለውጠው አለቃ የለም።»

በረዶ ያን ቀን ብርቅ ሆኖብኝ አልነበረም። እንዲህ ያለ ሕግ በአንድ ቴርሞስ ውስጥ ዝም ብሎ ይቀመጣል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበርና፣ ወደ ስፌት ክፍሌ ስመለስ እጄ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ማስገባት እስኪያቅተው ተደንቄያለሁ።

ሌላም ዜሮ ነበራት። ከመለካቷ በፊት የመለኪያውን ሽቦዎች ጫፍ ለጫፍ ታገናኝና እጇን አጣምራ ትጠብቃለች። መሣሪያው «ምንም የለም» ብሎ ዜሮ እስኪያሳይ ድረስ አንድ ቃል አትናገርም፤ ሰው ቢያናግራትም አትመልስም። በዚህ የተነሳ የሆስፒታሉ ሰው ሁሉ «እትዬ ዜሮ» ይላታል። ፊት ለፊት ሲጠሯትም አትቀየምም። «ዜሮውን ያላወቀ መቶውን ከየት ያውቃል?» ትላለች።

ሥራዋን ለማስረዳት ሁለት ፎቅ ሽቅብ መውጣት ያስፈልጋል። እዚያ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት የሚተኙባቸው አምስት የማሞቂያ ሳጥኖች አሉ። ክዳናቸው እንደ ብርጭቆ ወለል አድርጎ ያሳያል፤ በጎናቸው እጅ የሚገባባቸው ክብ ቀዳዳዎች አሉ። እያንዳንዱ ሳጥን የራሱ ቴርሞሜትር አለው። ግማሽ ዲግሪ ለኛ ምንም ነው፤ ከአንድ ዳቦ ለማይከብድ ልጅ ግን ብዙ ነው። ታዲያ የሳጥኑ ቴርሞሜትር እውነት መናገሩን ማን ያውቃል? እትዬ ታውቃለች። እርሳስ የምታህል የብረት ዘንግ ነበረቻት፤ «እናቲቱ» ትላታለች። ውስጧ እንደ ፀጉር የቀጠነ የፕላቲኒየም ሽቦ አለ። ይህ ሽቦ ሲሞቅ ኤሌክትሪክ አላሳልፍም ብሎ ያስቸግራል፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይለዝባል፤ በረዶው ውስጥ ሲሆን የእምቢታው ልክ መቶ ኦም ይሆናል። በየሦስት ወሩ እናቲቱን ይዛ ትወጣና አምስቱን ሳጥኖች ከእሷ ጋር ታስተያያለች፤ ልክ የሆነው ላይ አረንጓዴ ወረቀት ትለጥፋለች። እናቲቱ ራሷ እንዳልዋሸች የሚመሰክረው በረዶው ነው። የበረዶውን ምስክርነት የሚያነበው ደግሞ ጠረጴዛዋ ላይ የሚቀመጠው የኤሌክትሪክ መለኪያ፣ መልቲሜትሩ ነው።

እሱን «ዳኛው» እንለው ነበር። የጫማ ካርቶን የሚያህል፣ ክሬም ቀለም የተቀባ፣ ለማንሳት ሁለት እጅ የሚፈልግ ዕቃ ነው። ፊቱ ላይ ሰባት አረንጓዴ ቁጥሮች በተርታ ይበራሉ። የመጀመሪያዎቹን ማንም ያነባቸዋል። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ከቁም ነገር የምትቆጥራቸው እሷ ብቻ ነበረች። በየቀኑ እናቲቱን በረዶው ውስጥ ከትታ ያየችውን ቁጥር በአንድ ሰማያዊ ደብተር ላይ ትጽፋለች። ደብተሩን ገልጬ አይቼው ነበር፤ 100.0021፣ 100.0021፣ 100.0022፣ 100.0021። ከላይ እስከ ታች፣ ገጽ በገጽ። ያ ደብተር በተጻፈበት ዓመት ባለቤቴ አርፏል፣ የቤት ኪራይ ጨምሯል፣ የሆስፒታሉ ጣሪያ በንፋስ ተነቅሎ እንደገና ተመቷል። እዚያ ደብተር ላይ ግን ምንም አልሆነም።

በዚያች ክፍል ሲለካ ሰው አይገባም። «ሰው ሙቀት ነው፤ ሰው ንፋስ ነው» ትላለች። ለኔ ግን ፈቀደችልኝ። ወንድሟ ካረፈ በኋላ ቤቷ ወስዳኝ አብረን እንኖር ነበርና፣ ከሰዓት በኋላ የስፌት መኪናዬን ከድኜ እሷ ዘንድ እሄዳለሁ፤ ጥጉ ላይ ባለችው በርጩማ ቁጭ ብዬ ለላይኞቹ ሕፃናት በኪሮሽ ቆብ እሠራለሁ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው ፊት መናገር ያስጨንቀኛል። እናቴ «ይቺ ልጅ እንግዳ ሲመጣ ከግድግዳው ጋር ትለሰናለች» ትል ነበር። እትዬ ግን «ዝም አይነቅዝም» ብላ ነው ያስገባችኝ። «አንቺ ስትተነፍሺ ቁጥሩ እንኳ አይሰማሽም» ብላኛለች። ዝምታዬ ከጥቅም ተቆጥሮ የተመሰገነው እዚያች ክፍል ውስጥ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ሥራዋን ጨርሳ ዕቃዋን ስትከድን፣ ከዳኛው ጀርባ ወደ ሶኬቱ የሚሄደውን ገመድ እያየሁ ድፍረት አገኘሁና ጠየቅኋት።

«እትዬ፣ ከግድግዳው የሚመጣው መብራት ከምትለኪው ጋር አይደባለቅም?»

«ይደባለቃል እንጂ» አለች። ጥያቄው ደስ ብሏታል። «መብራት ሽቦው ውስጥ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅሽ መሰለሽ? በሰከንድ ሃምሳ ጊዜ ይሄዳል፣ ሃምሳ ጊዜ ይመለሳል። ግድግዳው ውስጥ፣ ኮርኒሱ ውስጥ፣ ራስሽ ላይ ባለው አምፖል ውስጥ። ያ ሁሉ ሽር ጉድ በሽቦም በአየርም ወደ እናቲቱ ይገባል።»

«ታዲያ ቁጥሩ እንዴት ይረጋል?»

«ቤት፣ ከኛ በላይ የሚኖሩትን ባልና ሚስት አታውቂያቸውም?»

አውቃቸዋለሁ። በየማታው ይጨቃጨቃሉ፤ ቃል በቃል ይሰማል።

«እሱ ሲጮህ መስኮቱን ዘግተሽ ብትገቢ፣ ዛሬስ ተፋቱ ትያለሽ። ሙሉውን ከሰማሽው ግን እሱ ይጮሃል፣ እሷ ትመልስለታለች፣ ከዚያ ሻይ አፍልተው ይጠጣሉ። የሄደውና የመጣው ተጣፋ፤ ምንም አልሆነም። ዳኛውም እንደዚያ ነው። ግማሽ ነገር ሰምቶ አይፈርድም። መብራቱ ሄዶ እስኪመለስ ሙሉ ዙሩን ይሰማና ያን ጊዜ ቁጥሩን ይናገራል።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ግድግዳ ለኔ ግድግዳ መሆኑ ቀረ። ቁጭ ብዬ ኪሮሼን ስሠራ፣ በዙሪያዬ ያለው ሁሉ በሰከንድ ሃምሳ ጊዜ እየሄደ እየተመለሰ መሆኑን አስባለሁ፤ መሐሉ ላይ ያቺ ቁጥር እንደ ቆመች ነች።

ነገሩ የተበላሸው አሳንሰሩ ሲመጣ ነው። በሽተኛ በቃሬዛ ደረጃ ለደረጃ መሸከም ሊቀር ነው ተብሎ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። ሞተሩን ግን ከመለኪያ ክፍሉ ግድግዳ ጀርባ ተከሉት። ሥራ በጀመረ በሦስተኛው ቀን እትዬ እናቲቱን በረዶው ውስጥ ከታ፣ ዜሮዋን ጠብቃ፣ ቀና ስትል ቁጥሩ አልረጋም። 99.96 ይላል፣ 100.05 ይላል፣ ደግሞ ይወርዳል። ውሃ ያጣ ዓሣ ይመስላል። ሽቦዎቹን ነቅላ በአልኮል ጠርጋ መለሰቻቸው። በረዶውን እንደገና አደቀቀች። ያው ነው። ደብተሩን ገለጠች፣ ቀኑን ጻፈች፣ ከቀኑ ጎን ያለውን ቦታ ባዶ ትታ ዘጋችው።

የኤሌክትሪክ ሠራተኛውን አስጠራችው። ይህ ሰው ያየውን ሁሉ በጥቁር ቴፕ ስለሚጠቀልል ስሙ ራሱ «ጥቁር ቴፕ» ሆኗል። ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ አዳመጠ።

«አሳንሰሩ አይደለም፣ እትዬ። እሱ የራሱ መስመር አለው። ደግሞ አሁን ቆሟል፤ ቁጥርዎ ግን ይጨፍራል።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«እርስዎ ሲቆጡት ፈርቶ ይሆናል» አለና ሶኬቱን በጥቁር ቴፕ ሦስት ዙር ጠቅልሎ ሄደ።

እሁድ ቀን ምሳ በልተን ሳንነሳ፣ እትዬ አንድ ወረቀት በሁለት ጣቷ ይዛ ፊቴ ዘረጋችው። የወረቀቱ ጠርዝ ይርገበገባል።

«አየሽ?» አለችኝ። «እኔ ነኝ። ሽቦውን ስገጥመው በደንብ አላጠበቅኩትም ማለት ነው። ስድሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ እጄ ከዳኝ።»

ሰው አንድ ዕቃ ተበላሸ ብሎ ሲያመጣላት «ዕቃ አይዋሽም፣ የሚዋሸው እጅ ነው» ስትል የኖረች ሴት ናት። ያ አባባል አሁን ዞሮ በራሷ ላይ መጣ።

ሰኞ ጠዋት የሕፃናቱ ክፍል ኃላፊ የሆነችው ሲስተር ወደ ምድር ቤት ወረደች። በእጇ ደብዳቤ ይዛለች። ከዋናው መሥሪያ ቤት መርማሪ ሐሙስ ይመጣል፤ እናቲቱን እሱ ከሚያመጣው ቴርሞሜትር ጋር ያስተያያል። ልዩነቱ ከዲግሪ አንድ መቶኛ ካለፈ እትዬ አረንጓዴ ወረቀት መለጠፍ አትችልም፤ ሳጥኖቹም ተጭነው ሌላ ከተማ ሄደው እስኪመረመሩ ይታሸጋሉ። ያ ደግሞ ሁለት ወር ይፈጃል።

«አራት ልጆች ተኝተዋል» አለች ሲስተር። «አንዷን ዛሬ ጠዋት ነው ያስገባናት፤ መዳፌን አትሞላም። አደራ፣ እትዬ።»

«ቁጥሩ ካልረጋ አልፈርምም።»

«ካልፈረሙ ልጆቹን የት ላድርሳቸው?»

«የማላውቀውን አውቃለሁ ብዬ ብፈርምስ ይሞቃቸዋል እንዴ፣ ልጄ?»

ሲስተር ደረጃውን ስትወጣ እርምጃዋ ከብዶ ይሰማ ነበር። እትዬ ወደኔ ዞራ «ሐሙስ ካልረጋ ቁልፉን ለሰውየው ሰጥቼ እወጣለሁ» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም። ከዚያ ይልቅ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞ አንድ ነገር ትዝ አላት። ዳኛው ሆዱ ውስጥ ባትሪ አለው፤ መብራት በጠፋባቸው ዘመናት አንድ ሁለት ጊዜ ተጠቅማበታለች። «ከግድግዳው እንለየው» አለች። ባትሪው እስኪሞላ ጠበቅን፤ ከዚያ ገመዱን ከሶኬቱ ነቀለችው። ቁጥሮቹ ሳይጠፉ እንደበሩ ቀሩ። እናቲቱን በረዶው ውስጥ ከተተች። ሲወራጭ የሰነበተው ቁጥር በአንዴ አደብ ገዛ፤ 100.0041፣ ከዚያ 100.0001፣ ከዚያ መልሶ 100.0041። ከአሳንሰሩም ይሁን ከሌላ፣ በሶኬቱ በኩል ሲገባ የነበረው ነገር ደጅ ቀረ ማለት ነው። ጥቁር ቴፕም ሊያይ መጥቶ ከኋላዋ ቆሟል።

«ተረጋ እኮ» አለ። «ረግቷል ብለው ይጻፉት፣ እትዬ።»

«የመጨረሻዎቹ ይወዛወዛሉ። ሐሙስ የሚፈርደው በእነሱ ነው።»

«ሁለቱን በቴፕ ልሸፍናቸው?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅ ነበር። እሱ ከሄደ በኋላ ከወንበሯ ሳትነሳ ቆየች። «ከግድግዳው ተለይቷል» አለች። «ሶኬት የለ፣ ገመድ የለ። ንጹሕ ባትሪ ነው። ታዲያ የቀረው መንቀጥቀጥ ከየት መጣ? ከኔ እጅ ካልሆነ ከየት ይመጣል?»

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዴ በርጩማዬ ላይ ነበርኩ። የያዝኩት ቆብ ለዚያች መዳፍ ለማትሞላው ልጅ ነው፤ ክሩ ነጭ፣ ጠርዙ ቢጫ። እትዬ ፊቷን በሁለት እጇ ደግፋ ቁጥሩን ታያለች። እኔም ጥልፌን እየቆጠርኩ አልፎ አልፎ ቀና እላለሁ። ቀና ባልኩ ቁጥር ቁጥሩ ከፍ ብሎ አገኘዋለሁ። መጀመሪያ አጋጣሚ ነው አልኩ። ከዚያ ሆነ ብዬ ቆጠርኩ። ከፍ ሲል ጀመርኩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ ወርዶ፣ ደግሞ ወጥቶ፣ ዘጠኝ ላይ ተመልሶ ከፍ አለ። እንደገና ዘጠኝ። አንዴ ስምንት ሆነ፤ እሱ እኔ ተጣድፌ ነው። እንደገና ዘጠኝ።

በዚያች ክፍል በመለኪያ ሰዓት ቃል ተናግሬ አላውቅም። ኪሮሼን ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩ።

«እትዬ።»

አልመለሰችም።

«እትዬ፣ ዘጠኝ ነው።»

«ምኑ?» አለች ዓይኗን ሳትነቅል።

«ከላይ ተነስቶ ወደ ላይ የሚመለስበት። ዘጠኝ ጥልፍ ነው። ቅድምም ዘጠኝ ነበር።»

ዞራ አየችኝ። እኔም ከጀመርኩት አይቀር ብዬ ቀጠልኩ። «እናቴን አስታምሜያታለሁ፤ እጇ ሲንቀጠቀጥ ማንኪያውን እኔ ነበርኩ የምይዝላት። የእጅ መንቀጥቀጥ ልክ የለውም፤ አንዴ ይቸኩላል፣ አንዴ ይተዋል። ይሄ ግን ልክ አለው። ይሄ ያንቺ አይደለም።»

አላመነችኝም፤ ራሷ ሳትቆጥር አታምንም። «ሥሪ» አለችኝና እኔ እየጠለፍኩ እሷ በጣቷ ጠረጴዛውን እየመታች አብረን ቆጠርን። ዘጠኝ። ዘጠኝ። ዘጠኝ። በሦስተኛው እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ምት አለው» አለች በሹክሹክታ። «የመብራቱ ምት ነው። በአየር እየገባ ነው። ዳኛው ግን… ዙሩን ሳይጨርስ ነው የሚፈርደው። ቀድሞ መስኮቱን ይዘጋል። የሚተርፈው ሽራፊ ነው ቁጥሩን ቀስ እያለ የሚያወጣው የሚያወርደው።»

ከመሳቢያዋ የዳኛውን መጽሐፍ አወጣች። በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ እኔ በራሳችን ፊደል የተጻፈውንም መማር በስድስተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። እሷ በማታ ትምህርት የተማረችውን ይዛ፣ በማጉያ መነጽር፣ በጣቷ መስመር እየተከተለች ታነባለች። የፊተኞቹ ገጾች ከመነካት ብዛት ጠርዛቸው ጠቁሯል። ወደ መጨረሻ ስትደርስ ግን ሁለት ገጾች እርስ በርስ ተጣብቀው በጥፍሯ ነው ያላቀቀቻቸው። ስለ ባትሪ የሚናገሩት እነሱ ናቸው። በዚህ ሁሉ ዘመን አልተገለጡም።

አነበበች። ደግማ አነበበች። ከዚያ ነገረችኝ። ዳኛው ከግድግዳው ጋር ሲያያዝ ልክ እንደበራ መጀመሪያ የሚያደርገው የግድግዳውን ምት መስማት ነው፤ ሃምሳ ከሰማ በሃምሳ ይቆጥራል። ከግድግዳው ሲለይ ግን የሚሰማው ነገር የለውም። ያን ጊዜ ሰው በእጁ ካልነገረው፣ ፋብሪካው መጀመሪያ የነገረውን ይይዛል።

ሦስት ቁልፎች ተራ በተራ ተጫነች። ፊቱ ላይ አንድ ቁጥር መጣ፤ 60።

«ስልሳ» አለች። «የተሠራበት አገር መብራት በሰከንድ ስልሳ ጊዜ ነው የሚመላለሰው። ከግድግዳው ስንነቅለው ጊዜ አገሩ ገባ።»

ዳኛው እኛ ዘንድ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖሯል። በየማለዳው ግድግዳችንን አዳምጦ በኛ ቁጥር ሲቆጥር ኖሮ፣ ብቻውን ሲቀር የልጅነቱን መቁጠር ጀመረ። እናቴም በመጨረሻው ሰሞን የምትጠራው የኛን የልጆቿን ስም አልነበረም፤ አብረዋት ውሃ ይቀዱ የነበሩትን ልጆች ነበር። ዕቃ እንዲህ ይሆናል ብሎ ማን ያስባል?

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች እትዬ። «መብራት ሲጠፋ የሚረብሽ ስለማይኖር፣ ባትሪ ንጹሕ ነው ብዬ ያንን ገጽ ገልጬው አላውቅም።» የሚገርመው፣ ጥፋቴ ነው ስትል ፊቷ እየበራ ነበር። እጇ ያላጠፋውን ጥፋት ስትሸከም ሰንብታ፣ አሁን የራሷን ትክክለኛ ጥፋት አገኘች።

ሃምሳ ብላ ነገረችው። ሽቦዎቹን ጫፍ ለጫፍ አገናኝታ እጇን አጣመረች። ዜሮ መጣ። ከዚያ እናቲቱን በረዶው ውስጥ ከተተቻት፤ ሁለታችንም ትንፋሻችንን ይዘን ጠበቅን።

100.0021።

ጠበቅን። 100.0021። ከግድግዳው ጀርባ አሳንሰሩ ተነሳ፤ ወለሉ ሲርድ በጫማዬ ይሰማኛል። ቴርሞሱ ውስጥ በረዶ ቀለጠና ክችች ብሎ ዝቅ አለ። ራሳችን ላይ አምፖሉ፣ ኮርኒሱ ውስጥ ሽቦው፣ ከላያችን ባለው ሕንፃ ያለው ማሽን ሁሉ በሰከንድ ሃምሳ ጊዜ እየሄደ እየመጣ ነው። ቁጥሩ አልሰማቸውም። አንዴ የመጨረሻዋ አንድ ሁለት ሆነችና ተመለሰች፤ ከዚያ ቆመች። እኔ መርከብ ላይ ተሳፍሬ አላውቅም፤ ግን በማዕበል መሐል ጨርሶ የማይነቃነቅ አንድ ነጥብ ቢገኝ ሰው እንደዚያ ነው የሚያየው ብዬ አሰብኩ። እትዬ ደብተሩን ገለጠች። የተዘለሉትን ቀኖች ባዶነት አልነካችውም። በዕለቱ ቀን ጎን ጻፈች።

ሐሙስ ረፋድ ላይ መርማሪው መጣ። ቀጭን፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው፤ ቴርሞሜትሩን በስፖንጅ በተሞላ ሻንጣ ይዟል። ስለ ቃል ቁጠባው እኔ በሆዴ ወደድኩት። የዳኛው ገመድ ተጠቅልሎ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ሲያይ ቆም አለ።

«አይሰኩትም፣ እናቴ?»

«አልሰካውም።»

«ከግድግዳው ጋር ተጣልተዋል?»

«አልተጣላንም። ተራርቀን ነው የምንዋደደው» አለች።

«ባትሪው ስንት ሰዓት ያቆያል?»

«አራት ሰዓት። ለእኔ አርባ ደቂቃ ይበቃኛል።»

«ምቱንስ ነግረውታል?»

እትዬ ወደ እኔ አየች፤ እኔ ወደ ኪሮሼ አቀረቀርኩ። «ሃምሳ ብዬዋለሁ» አለች።

ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። «ይህን የሚያውቅ ሰው ብዙ አላገኘሁም» አለ፤ እሷም ከትናንት ወዲህ ነው ያወቅኩት አላለችም። ኋላ ቤት ገብተን ስናወራ ግን ይህ ከነከናትና በማግስቱ ደብዳቤ ጽፋ ነገረችው።

የእሱንና የእሷን ቴርሞሜትር ጎን ለጎን በረዶው ውስጥ ከተቱ። እኔን ከክፍሉ ይውጡ ሊለኝ ፈልጎ ነበር፤ እትዬ «እሷ አትተነፍስም» ብላ አስቀረችኝ። ሃያ ደቂቃ ሁለቱም ቁጥሩ ላይ አፍጥጠው ቆዩ። በመጨረሻ ልዩነቱን በእርሳስ አስልቶ አሳያት፤ ከአንድ ዲግሪ ሺህ ክፋዮች ሦስቱ ብቻ ነው፤ ከተፈቀደው ሲሶ አይሞላም። ቅጹን ወደ እሷ አዞረና ብዕሩን ሰጣት።

ስትፈርም እጇ ተንቀጠቀጠ። ከመስመሩ ወጣ፣ ተመለሰ። ሰውየው አየ።

«እጅዎን ያምዎታል?» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እሱ የኔ ነው» አለች እትዬ። «እዚያ ውስጥ አልገባም።» በአገጯ ቁጥሩን አሳየችው። ያው እንደቆመ ነው።

ከሰዓት በኋላ እናቲቱንና ዳኛውን ይዛ ስትወጣ፣ ከባድ ስለሆነ በአንድ ጎን እኔ ያዝኩላት። በአሳንሰሩ ነው የወጣነው፤ «ይኸው ከአሳንሰሩ ጋር ታረቅን» ብላ ሳቀች። ሲስተር በሩ ላይ ቆማ ነበር። የአረንጓዴ ወረቀቶቹን ጥቅል በእትዬ ኪስ ስታየው ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ጥቂት ቆየች። በሦስተኛው ሳጥን ውስጥ ያቺ ልጅ ተኝታለች። የሠራሁላት ቆብ ሰፍቷት እስከ ቅንድቧ ወርዷል። እናቲቱ አጠገቧ ስትገባ አልነቃችም። ቁጥሩ ከሳጥኑ ቁጥር ጋር ገጠመ፤ እትዬ ወረቀቱን ለጠፈችና በአውራ ጣቷ ጠርዙን ደጋግማ አሸችው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሠርታ በጡረታ ወጣች። እጇ እየባሰ ሄደ፤ በመጨረሻዎቹ ወራት ሽቦውን የምገጥመው እኔ፣ ቁጥሩን የምታነበው እሷ ነበረች። እሷን የተካችው ልጅ እግር ሴት ዛሬም በረዶውን የምታደቀው በሰፋሁት ከረጢት ነው፤ ሦስተኛው መሆኑ ነው። ባለፈው ቆቦች ላደርስ ሄጄ ዳኛውን አየሁት። ከቁጥሮቹ በታች ትንሽ ወረቀት በጥቁር ቴፕ ተለጥፎበታል። ጽሑፉ የእትዬ ነው፤ ፊደሎቹ እንደ ቁልቁለት መንገድ ይንጋደዳሉ፤ ግን ይነበባሉ።

«ከግድግዳው ስትነቅሉት ሃምሳ በሉት» ይላል።